የመክተፊያው መኪና ዋጋ

አንባቢ ሆይ! በልጅነትህ እህል ተሸክመህ ወፍጮ ቤት ሄደህ ታውቅ እንደ ሆነ፣ ከበሩ ገና ስትዘልቅ የምትሰማው ቃል ትዝ ሳይልህ አይቀርም። ባለወፍጮው ከዱቄቱ ብናኝ መካከል ብቅ ብሎ «ነጠላሽን ሰብስቢ! ከቺንጋው ራቂ!» እያለ ይጮኻል። እናቴ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ ታደርግና እኔን በክንዴ ይዛ ከግድግዳው ታስጠጋኝ ነበር። ስለ መኪና አሠራር ያስተማራት ማንም ሳይኖር፣ የሚዞር ነገር ጨርቅን አንዴ ከያዘ ባለጨርቁንም እንደማይለቅ አሳምራ ታውቅ ነበር።

እኔ ግን በኮሌጅ ፊዚክስ ተምሬ፣ ይኸው ደግሞ ይህንኑ ትምህርት ለሌሎች ልጆች እያስተማርሁ፣ እናቴ የምታውቀውን ነገር በ2016 ዓ.ም. በጳጉሜ ወር ዘነጋሁት። ብዕሬን ያነሣሁት ይህንኑ ልነግርህ ነው።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ ካሉት ሰፈሮች በአንዱ ይገኛል። ግቢው በባሕር ዛፍ የተከበበ ነው። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ ከተማይቱን ከማገዶ ችግር ያወጣ ዛፍ መሆኑን ሁላችንም ተምረነዋል። የእኛዎቹን ማን እንደ ተከላቸው የሚያስታውስ የለም፤ ብቻ አንድ ሰው አቅፎ የማይዘልቃቸው ሆነው አርጅተዋል። በዚያው ዓመት በነሐሴ መባቻ አንድ ሌሊት በጣለው ዝናብና ነፋስ አንደኛው ቅርንጫፍ ተገነጠለና የዘጠነኛ ክፍልን ጣራ በስቶ ገባ። በማግሥቱ ሄደን ስናይ ቆርቆሮው እንደ ወረቀት ተቀድዷል፤ ቅርንጫፉም በሦስተኛው ረድፍ ዴስክ ላይ ተጋድሟል። በዚያ ዴስክ ላይ በትምህርት ጊዜ ሦስት ልጆች ይቀመጡበታል።

ወዲያው ኮሚቴ ተሰበሰበ። ወደ ጣራው ያዘነበሉት ዘጠኝ ዛፎች ትምህርት ከመከፈቱ በፊት እንዲቆረጡ፣ የቀሩት ስድስቱ ደግሞ ለከርሞ እንዲቆዩ ተወሰነ። ፈቃዱም ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ሲወጣ ጳጉሜ ደርሶ ነበር።

ሁለት ሰዎች ዋጋ አቀረቡ። አንደኛው በሰፈሩ የታወቁ ሽማግሌ ዛፍ ቆራጭ ናቸው። ያላቸው መሣሪያ መጥረቢያ፣ መጋዝና ገመድ ሲሆን፣ ከልጃቸው ጋር ሆነው በሁለት ሳምንት እንደሚጨርሱ ነገሩን። ዋጋቸው 27,000 ብር ነው። ግንዱ ለትምህርት ቤቱ ይቀራል፤ ጭራሮውንና ቅጠሉን ደግሞ እንደ ልማዱ የሰፈሩ ሴቶች ይወስዱታል። ሁለተኛው ሞተር መጋዝና ቅርንጫፍ መክተፊያ መኪና ያለው ወጣት ነው። እርሱም 63,000 ብር ጠየቀ፤ ግን በሦስት ቀን ጨርሶ፣ ግቢውን አጽድቶ እንደሚያስረክብ ቃል ገባ።

የኮሚቴው ሰዎች የዋጋው ልዩነት አስደነገጣቸው። በዚህ ጊዜ የተነሣሁት እኔ ነበርሁ። ዕድሜዬ ገና ሃያ ስድስት ዓመት ስለ ሆነ በእንዲህ ያለው ስብሰባ ላይ ቃሌ ብዙም ክብደት የለውም። ያን ቀን ግን ጠመኔ ይዤ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሂሳብ ሠራሁ። «ዛፉን መጣል እኮ የሥራው ግማሽ ነው፤ ግማሹ ቅርንጫፉን ማንሣት ነው። ቅርንጫፉ ግቢውን ዘግቶ እስከ መስቀል ቢተኛ፣ የሚባክነው የትምህርት ቀን በብር ሲተመን ምን ያህል ነው?» አልሁ። ዳይሬክተራችንም «እንግዲህ መምህር ካሉ...» ብለው ወረቀቱን ፈረሙ። እንደ እውነቱ ከሆነ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

መኪናው በአይሱዙ ተጎትቶ ሲመጣ ከሁሉ ቀድሜ የደረስሁት እኔ ነኝ። ይህን ዓይነት መኪና አይተህ የማታውቅ ከሆንህ ላስረዳህ። ለከብት መኖ ገለባና አገዳ የሚከትፈውን ትንሽ መኪና ታውቀው ይሆናል፤ ይኼኛው የእርሱ ታላቅ ወንድም ነው። ከበስተኋላው እንደ አሸንዳ ያለ ሰፊ የብረት አፍ አለው። ቅርንጫፉን በአሸንዳው ስትሰድደው፣ ጥጥ እንደሚዳምጥ መሣሪያ ያሉ ጥርሳም መዳመጫዎች ይነክሱትና ወደ ውስጥ ይስቡታል። ከመዳመጫዎቹ በስተጀርባ በደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ የሚሽከረከር ከባድ የብረት ከበሮ አለ። በከበሮው ላይ ስለታም ቢላዎች ታስረዋል። ቅርንጫፉ ከዚያ ሲደርስ እንደ ጎመን ይከተፍና ስብርባሪው በረዥም አንገት በኩል በነፋስ ኃይል ተተፍቶ ይወጣል። ቺፑድ የምንለው የቁም ሣጥን ጣውላም መነሻው እንዲህ ያለው የእንጨት ስብርባሪ ነው። ሐሳቡም አዲስ አይደለም፤ የመጀመሪያውን የእንጨት መክተፊያ ፔተር የንሰን የተባለ ጀርመናዊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1884 እንደ ሠራው ይነገራል።

መኪናው ሥራውን ሲሠራ ማየት ያስደስታል፤ ይህን አልክድም። በመጀመሪያው ቀን ብቻ በሦስት አይሱዙ የማይነሣ የቅርንጫፍ ክምር እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ጠፍቶ፣ ስብርባሪው ግማሽ አይሱዙ እንኳ ሳይሞላ ቀረ። ግቢው ሁሉ የባሕር ዛፍ መዓዛ ሸተተ። ስብርባሪውን በጭቃው መንገድ ላይ አስነጥፈን ከቢሮ እስከ ቤተ መጻሕፍት በደረቅ እግር ሄድን።

ደስታዬን መጀመሪያ ያደፈረሱት በሩ ላይ የቆሙት ሴቶች ናቸው። አምስት ይሆናሉ። ገመዳቸውን በትከሻቸው ጥለው፣ ቅጠል የሚቀሙበትን ሰዓት ሲጠብቁ አረፈዱ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ከምጣድ ሥር ሲገባ እንዴት ያለ እሳት እንደሚሆን የምታውቅ ሰው ናት ይህን የምትረዳው። ከእነርሱ መካከል በዕድሜ የገፉት አንዲት እናት ጠሩኝና «ልጄ፣ ይኼ መኪና የሚበላውን እኛ ብንወስደው ምን ነበረበት? እሱስ በልቶ አይጠግብ» አሉኝ። እኔም «እማማ፣ ጊዜ የለንም» ብዬ መለስሁላቸው። እንዲህ ብዬ መመለሴ አሁን ያሳፍረኛል።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ሽቦው ነው።

በመኪናው አፍ ዙሪያ ቀይ ቀለም የተቀባ ዘንግ አለ። ዘንጉን ገፋ ስታደርገው መዳመጫዎቹ ይቆማሉ፤ በሌላ በኩል ስታስኬደው ወደ ኋላ ዞረው የያዙትን ይተፋሉ። የተሠራውም ሰው በእጁ ቢያቅተው በትከሻው፣ በትከሻው ቢያቅተው በጭኑ እንዲገፋው ታስቦ ነው። የእኛው መኪና ዘንግ ግን እንዳይነቃነቅ በሽቦ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። ከዚህም በላይ አሸንዳው በመጋዝ ተቆርጦ አጥሯል። አሸንዳው ሲሠራ ረዥም የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከአፉ እስከ መዳመጫው ያለው ርቀት የሰው እጅ እንዳይደርስበት ሆኖ የተለካ ነው።

ባለመኪናውን ስለ ሽቦው ጠየቅሁት። «መምህር፣ ቅርንጫፍ በነካው ቁጥር ቀጥ ይላል። እንዲህ እየቆመማ ሦስት ቀን አይበቃንም» አለኝ። ስለ አሸንዳውም ጠየቅሁት። «አጭር አጭሩ እንጨት መሐል ላይ እየቀረ አስቸገረን» አለ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ጊዜ አንድ ቃል መናገር ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ሦስቱን ቀን በኮሚቴው ፊት የማልሁለት እኔው ነኝ። ስለዚህ ዝም አልሁ።

በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ቅርንጫፍ የሚያጎርሰው ልጅ ዕድሜው አሥራ ዘጠኝ ቢሆን ነው። ካስተማርኋቸው ልጆች አንዱ ነበር። ለክረምቱ የቀን ሥራ ይዞ ከሦስት ቀን ደመወዝ ጫማ ሊገዛ አስቧል። ለእጁ የተሰጠው የበያጅ ጓንት ነው፤ ቆዳው ወፍራም፣ ክንድጌው እስከ ክርን የሚደርስና አፉ ሰፊ። እኔ ስድስት እርምጃ ያህል ርቄ፣ በመስከረም ለተማሪዎቼ የማሳየው ፎቶግራፍ በስልኬ አነሣለሁ።

ልጁ የገፋው ቅርንጫፍ ባለመንታ ነበር። አንዱ ጉጥ በጓንቱ አፍ ገባ። መዳመጫው ቅርንጫፉን ሲስብ ክንዱም አብሮ ሄደ። እግሩን ተክሎ እንዳይቋቋም መሬቱ በእርጥብ ቅጠል ተሸፍኗል፤ በጉልበቱ ተንሸራተተ። ጮኸ፤ ግን ድምፁን አልሰማሁትም፤ አፉ ሲከፈት ብቻ አየሁ። የእንዲህ ያለ መኪና ድምፅ ከመቶ ዴሲቤል ይበልጣል። ከጎኑ ቅርንጫፍ የሚጎትተው ጓደኛው ጀርባውን ሰጥቶ ነበር። እኔ ደግሞ ስልኬን ይዤ ቆምሁ። ሮጥሁ ብዬ ብጽፍልህ ውሸት ይሆናል።

ከዚያ ልጁ ወደ ኋላ በጀርባው ወደቀ። ጓንቱ የለም። የመኪናው ድምፅ ለአንድ አፍታ ጎርነን ብሎ እንደገና ቀጠለ፤ ከአረንጓዴው ስብርባሪ ጋር ቡናማ የቆዳ ቁርጥራጭ ተተፋ።

እጁን ሳየው አምስቱም ጣቶች አሉ። የመሐል ጣቱ ተሰብሯል፤ የእጅ አንጓው ቆዳ ተገሽልጧል። ጓንቱ ሰፊ ባይሆን ኖሮ ጉጡ አይገባበትም፤ ልጁም አይያዝም ነበር። ከገባ በኋላ ደግሞ ሰፊ ባይሆን ኖሮ እጁ ተንሸራትቶ አይወጣም ነበር። ያስያዘውም ያስለቀቀውም ያው አንድ ጓንት ነው። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሣኝ ሌሊት አለ።

ባለመኪናው ሞተሩን አጠፋው። ሞተሩ ቢጠፋም ከበሮው በራሱ ክብደት ገና ይዞራል። ረዳቱ የተረፈ ነገር እንዳለ ሊያይ የከበሮውን ክዳን ሊከፍት ሲል ባለመኪናው እንደ እብድ ጮኸበት። ምክንያቱን በኋላ ተረዳሁት። ከበሮው ሳይቆም ክዳኑ ከተከፈተ፣ ቢላዎቹ ክዳኑን ይመቱትና እንደ ጥይት ያስፈነጥሩታል፤ በዚህም የሞቱ አያሌ ሰዎች አሉ።

ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ አድርሰን ስንመለስ መሽቶ ነበር። ባለመኪናውና እኔ አንድ ጉቶ ላይ ተቀመጥን። ልቆጣው አስቤ ነበር፤ ግን እርሱ ቀድሞ ሂሳቡን ይነግረኝ ጀመር። አንተም ብትሰማው መልካም ነው፤ እንዲህ ያለውን መኪና አንድ ቀን ልትገዛ ወይም ልትከራይ ትችል ይሆናል።

መኪናውን ያገለገለ ሆኖ ነው የገዛው። ገንዘቡ የእቁብና የወንድሙ ነው። አዲሱ፣ መካከለኛ የሚባለው እንኳ፣ በአሜሪካ አገር የሚሸጠው በብዙ አሥር ሺህ ዶላር ስለ ሆነ የሚታሰብ አይደለም። ያገለገለው ሲገዛ ደግሞ ቢላው ያረጀ ነው። ቢላ የሚመጣው ከውጭ ነው፤ እስኪመጣ ድረስ ያለው እየተሳለ ይሠራል። ዛፍ ላይ የተመታ ሚስማር ወይም ሥር ላይ የተጣበቀ ጠጠር አንዴ ከገባ የተሳለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይዶለዱማል። የደነዘ ቢላ ቅርንጫፉን አይከትፈውም፤ ያንጠረጥረዋል። የሚያጎርሰው ልጅም በእጁ ተጭኖ፣ አንዳንዴም በእግሩ ረግጦ ሊያስገባ ወደ አፉ ይጠጋል። ለመሳያ ያልወጣው ገንዘብ በዚያ በኩል ይከፈላል ማለት ነው።

ቀጥሎም ሰው አለ። አንድ ሰው ዛፍ ላይ፣ ሁለት ሰው ቅርንጫፍ የሚጎትት፣ አንድ የሚያጎርስ፣ አንድ ደግሞ ሌላ ሥራ ሳይሠራ ከዘንጉ አጠገብ ቆሞ የሚጠብቅ ያስፈልጋል፤ አምስት መሆናቸው ነው። የእርሱ ሠራተኞች ሦስት ናቸው። አንዱ ሠራተኛ በቀን 800 ብር ይከፈለዋል። ናፍጣ፣ የመኪናው መጎተቻ ኪራይ፣ የእቁብ ዕዳ...

«እንግዲያው ዋጋህን ለምን አልጨመርህም?» አልሁት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ ባለመጥረቢያው 27,000 ብለው፣ እኔ 90,000 ብል ትሰጡኝ ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። 63,000 ብር ብዙ ነው ብለን ነበር የተከራከርነው። ለካ ያ ዋጋ ርካሽ ነው፤ ርካሽ ያደረገውም ሽቦው ነው።

በማግሥቱ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ አስቀድሜ መሥራት የነበረብኝን ሂሳብ ሠራሁ። እንዲህ ያሉ መኪናዎች ቅርንጫፍ የሚስቡት በደቂቃ ሠላሳ ሜትር ያህል ነው፤ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር መሆኑ ነው። የጎልማሳ ክንድ ከጣት ጫፍ እስከ ትከሻ ሰባ ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ሰባውን ለሃምሳ ብታካፍለው አንድ ነጥብ አራት ሴኮንድ ታገኛለህ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰውየው መያዙን ማወቅ፣ መጮኽ፣ ጓደኛው በዚያ ጫጫታ መካከል መስማት፣ መዞር፣ ወደ ሞተሩ ማጥፊያ መሮጥ አለበት። ይህ ሁሉ በአንድ ነጥብ አራት ሴኮንድ አይሆንም። ዘንጉ ከአፉ ላይ የተሠራው ለዚህ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው የሚችል ማካፈል ነው፤ መምህሩ አልሠራውም።

ሂሳቡ እውነት መሆኑን በሌላ አገር የደረሰው ይመሰክራል። በአሜሪካ አገር እነዚህ መኪናዎች በዛፍ ሥራ ላይ የተለመዱ ናቸው፤ ደንቡም፣ መመሪያውም፣ መከላከያ ልብሱም አለ። ይህም ሆኖ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1992 እስከ 2002 ድረስ 31 ሠራተኞች በመክተፊያ መኪና ምክንያት ሞተዋል። የሚበዙት ተስበው የገቡ ናቸው፤ ከቀሩት አብዛኞቹ ደግሞ በተስፈነጠረ ክዳን ወይም በሌላ ነገር የተመቱ ናቸው። የቆሰሉት ከሁለት ሺህ ይበልጣሉ። ከአደጋው በኋላ የአገሩ የሥራ ጤና አጥኚዎች የሚሰጡትን ምክር አገላብጬ ባየው እጅግ ቀላል ነገር ነው። አፈ ሰፊ ጓንት አታድርግ፤ ልቅ ልብስ አትልበስ፤ ከአሸንዳው ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ሆነህ አጉርስ፤ ቅርንጫፉን ወፍራሙን ጫፍ አስቀድመህ ስደድና ልቀቀው፤ አጭሩን እንጨት በእጅህ ሳይሆን በሌላ ረዥም እንጨት ግፋው፤ ብቻህን አትሥራ፤ ዘንጉን ጠዋት ጠዋት ፈትነው። በዶላር የሚገዛ ነገር እምብዛም የለበትም። ከዚህ ውስጥ ግማሹን እናቴ ወፍጮ ቤት በር ላይ ታውቀው ነበር።

እኛም አገር ሕግ የለም ማለት አይቻልም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲሰጥና አጠቃቀሙንም እንዲያስተምረው ያዝዛል። ግን ለሦስት ቀን ከመንገድ ዳር የተጠራ ልጅ ሠራተኛ ለመሆኑ የሚያሳየው ወረቀት ምንድን ነው? ባለመኪናው የሕክምናውን 4,200 ብር ከኪሱ ከፈለ፤ ለዚህም አመሰግነዋለሁ። ልጁ ግን ስድስት ሳምንት ያለ ሥራ ተቀመጠ። እኔና ሁለት ባልደረቦቼ አዋጥተን ጫማውን ገዛንለት። የትምህርት ቤቱ የሂሳብ መዝገብ ላይ «ዛፍ ማስቆረጫ 63,000 ብር» ተብሎ ተጽፏል፤ ሌላው የትም አልተጻፈም።

ደግሞ መጥረቢያውን የምመርጥ እንዳይመስልህ። ሽማግሌው ዛፍ ቆራጭ ወሬውን ሰምተው ልጁን ሊጠይቁ ሲመጡ አብረን ተቀመጥን። ቀኝ እግራቸው ያነክሳል። በወጣትነታቸው ገመዱ ተበጥሶ ከባሕር ዛፍ ላይ ወድቀው ነው። የልጁን የታሸገ እጅ ሲያገላብጡ ቆይተው «እኔንም ዛፍ ጥሎኛል፤ ዛፍ ግን ሲጥል ይለቃል» አሉ። ከዛፍ ላይ መውደቅ በየትም አገር በዚህ ሥራ ላይ ካሉት ታላላቅ ገዳዮች አንዱ ነው። የሽማግሌው ልጅ እስከ ዛሬ የሚወጣው ያለ ራስ ቁር፣ በአንድ ገመድ ብቻ ነው። 27,000 ብርም እንዲሁ የራሱ ሽቦ አለው።

በ2017 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የቀሩት ስድስት ዛፎች ጉዳይ ተነሣ። በዚህ ጊዜ ወደ ስብሰባው አንድ ገጽ ወረቀት ይዤ ገባሁ። ዘንጉ ከሽቦ ይፈታል፤ ጠዋት ጠዋት በእኛ ፊት ይፈተናል። የተቆረጠው አሸንዳ ተበይዶ በቀድሞው ርዝመት ይመለሳል። አንድ ሰው ሥራው ከዘንጉ አጠገብ መቆም ብቻ ይሆናል። ጓንቱ በእጅ ልክ ይሆናል። ጭራሮና ቅጠሉ አስቀድሞ ተለይቶ ለሴቶቹ ይሰጣል፤ ወደ መኪናው የሚገባው ማንም የማይፈልገው ብቻ ነው። ባለመኪናው ወረቀቱን አንብቦ ለስድስቱ ዛፍ 66,000 ብር ጠየቀ። አምና ለአንድ ዛፍ 7,000 የነበረው ዘንድሮ 11,000 ሆነ ማለት ነው።

ጭቅጭቅ ተነሣ። አንድ ወላጅ «ለአንዲት ሽቦ መፍቻ ይህን ያህል ብር?» አሉ። ሰዎቹም ሳቁ። እርሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም፤ የልጆች መጽሐፍ ጎድሎ ሳለ ይህ ገንዘብ ቢቆጫቸው አይፈረድባቸውም። እኔም አምና በተናገርሁበት ድፍረት መናገር አልቻልሁም፤ ብቻ ልጁ የት እንደ ተቀመጠና እኔ የት እንደ ቆምሁ ነገርኋቸው። በመጨረሻ አማካይ መንገድ ተገኘ። ከጣራ የራቁትን ሦስቱን ዛፎች ሽማግሌውና ልጃቸው፣ ከትምህርት ቤቱ ሁለት የራስ ቁርና አዲስ ገመድ ተገዝቶላቸው፣ በእጃቸው እንዲቆርጡ፤ በጣራ ላይ ያንዣበቡትን ሦስቱን ባለመኪናው እንዲቆርጥ ተስማማን። ገመዱና ቁሩ ሳይቆጠር የሁለቱም ሥራ 43,000 ብር ፈጀ።

ልጁን ና ብዬ ጠይቄው ነበር፤ ከዘንጉ አጠገብ እንዲቆም። «ቲቸር፣ ይቅርብኝ» አለኝ። አሁን በአንድ ጎሚስታ ቤት ይሠራል። የመሐል ጣቱ አይታጠፍም።

ባለመኪናው ዘንጉን ሲፈታ ደስ አላለውም ነበር። «ታያለህ መምህር፣ ሥራው ሁሉ ቆም ቆም ይሆናል» አለኝ። እኔም ከቤተ ሙከራ የሰዓት መለኪያ አምጥቼ፣ ከአሸንዳው ራቅ ብዬ ቆጠርሁ። በመጀመሪያው ቀን ዘንጉ በቅርንጫፍ ተነክቶ መኪናው የቆመው ሃያ ሦስት ጊዜ ነው። ዘንጉን መልሶ እንደገና ለማስጀመር በየጊዜው አሥር ሴኮንድ ያህል ፈጀ። ማታ ሃያ ሦስቱን በአሥር አባዝቼ በወረቀት አሳየሁት። አራት ደቂቃ አይሞላም። ወረቀቱን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አየው፤ ከዚያም አጣጥፎ በደረት ኪሱ ከተተና መኪናውን በሸራ ሊሸፍን ሄደ።